በቲኬት ጀርባ የጻፍኩት

«አንቺማ ይሄን ልትጽፊ አትችዪም። ይልቅ ከየት እንደገለበጥሽው ንገሪን» አለችኝ የሰው ኃይል ኃላፊዋ።

ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ታማሚ እንደሚጠይቅ ሰው። ጠረጴዛዋ ላይ የእኔ ቲኬቶች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። መዳፍ የማያክሉ ቢጫ ወረቀቶች ናቸው፤ ፊታቸው ላይ የሱሪው ቁጥር፣ ቀለሙና የፍሬው ብዛት ታትሞባቸዋል፤ ጀርባቸው ላይ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ የኔ ነገር አለ። እሷ ጀርባቸውን ወደ ላይ ገልብጣ፣ በተራ ቁጥራቸው፣ ጠርዛቸውን አስተካክላ ደርድራቸዋለች።

ባለጌ ብትለኝ መልስ ነበረኝ። ከመስፊያው ሼድ እስከ ቢሮው ያለውን መንገድ የሄድኩት ለባለጌ የሚሆን መልስ እየመረጥኩ ነው። ለ«አትችዪም» ግን ምንም አላዘጋጀሁም። ቲኬቶቹን ማየት ያዝኩ፤ እሷም ይህን እንደ ማመን ቆጠረችው።

ነገሩ የተጀመረው ከመሰላቸት ነው። የተሻለ ምክንያት ብፈልግለትም የለውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ፣ ውጤቴ እንደ ብዙው ሰው ውጤት ሆኖ፣ ከደራ ወደ አዳማ መጣሁና ልብስ ፋብሪካ ገባሁ። ፋብሪካው የወንድ ሱሪ ይሰፋል፤ ሱሪውን የሚለብሱት ወንዶች እዚህ አገር የሉም። እኔ የኋላ ኪስ ነበርኩ። እዚያ ቤት ሰው የሚጠራው በሚሰፋው ነው። «ኪስ፣ ፍጠኚ»፣ «ዚፕ የት ገባች»፣ «ወገብ ዛሬ አሟታል»። ሁለት ዓመት ሙሉ ኪስ ተብዬ አቤት ብያለሁ።

የተቆረጠው ጨርቅ ሃያ ሃያ እየሆነ ይታሰርና እስሩ ላይ ቲኬት ይንጠለጠልበታል። እስሩ ከአንዷ ማሽን ወደ ቀጣይዋ ሲተላለፍ ቲኬቱም አብሮ ይሄዳል፤ ከኪስ ወደ ዚፕ፣ ከዚፕ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ወገብ። መጨረሻ ላይ መዝጋቢዋ ቲኬቱን በጥሳ ቁጥሩን ትጽፍና ወረቀቱን ካርቶን ውስጥ ትወረውረዋለች። ጀርባውን የሚያይ የለም። እኔ አየሁት፤ ባዶ ነው። በቀን ስንት ባዶ ወረቀት በእጄ እንደሚያልፍ ሳስብ ተናደድኩ።

የመጀመሪያው ታሪኬ የሚያሳፍር ነበር። የሚያሳፍረው ደግሞ ሰው በሚያስበው በኩል አይደለም። በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሀብታም ሰውዬ፣ ጥቁር መኪና፣ ሽቶ፣ ሆቴል። እንደዚያ ያለ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ያነበበችው ዚፕ ናት። ዚፕ የመቂ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ማሽኗም ከማሽኔ ቀጥሎ ነው። ቲኬቱን አንብባ ስትጨርስ በማሽኑ ጩኸት መሃል ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ሰውየው እጅ የለውም እንዴ?»

«እንዴት?»

«መኪና አለው፣ ሽቶ አለው። በምኑ ነው ታዲያ የሚነካት፣ በጎማው?»

ከዚያ ወዲህ ስለ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠኝ የለም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰት በተረትና ምሳሌ ካልጀመረ ቁጥር አይሰጥም ነበር። አራት ዓመት አስተማረኝ። ሰውዬው እጅ ይኑረው አይኑረው አንድም ቀን አልጠየቀም።

ስልካችን ላይ የፍቅር ታሪክ ነን የሚሉ ጽሑፎች ሞልተዋል። በሴት ስም ነው የሚወጡት። የጻፈው ወንድ መሆኑ ሁለተኛው መስመር ላይ ይታወቃል፤ ሴትየዋ ገና ፊቷን ሳትታጠብ መስታወት ፊት ቆማ ስለ ዳሌዋ ታስረዳለች። እኔ ስለ ዳሌዬ የማስበው የሰርቪሱ ወንበር ሲጠበኝ ነው። ከዚያ እሱ ይመጣል፣ እሷ እምቢ ትላለች፣ እምቢታዋ እሺ ማለት እንደሆነ ይነገረናል፣ ታለቅሳለች፣ አለቀ። ሌላው ዓይነት ደግሞ መካሪው ነው፤ ትምህርት ቤት በሚኒ ሚዲያ የሚነበበው። እዚያ ደስ ያላት ሴት መጨረሻው ገጽ ላይ በጤናዋ አትደርስም። ወይ ትታመማለች፣ ወይ ታብዳለች፣ ወይ ተንበርክካ ይቅርታ ትለምናለች። ሁለቱንም ዓይነት የሚጽፈው አንድ ሰውዬ ይመስለኛል፤ ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን።

ሁለተኛውም ታሪኬ ከእነዚያ አይሻልም ነበር፤ ቀድጄ ጣልኩት። ነገሩ የገባኝ ሦስተኛው ላይ ነው። መቂ ውስጥ ሽንኩርት የምትለይ ሴት ናት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ባሏን ፈትታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሽንኩርት ሊጭን የሚመጣ ሹፌር አላት። የመጀመሪያው ቲኬት እንዲህ ይላል፦ «እጇን በሎሚ አሸች። የሽንኩርት ሽታ በውሃ አይለቅም። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸተተች። ዛሬ ሌላ ሰው ያሸታቸዋል።»

ሎሚውን እኔ አልፈጠርኩትም። የዚፕ አክስት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሽንኩርት ስትለይ የኖረች ሴት፣ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ እጇን በሎሚ ታሽ ነበር አሉ። ለምን ሐሙስ እንደሆነ ከቤተሰቡ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ዚፕ ይህን የነገረችኝ ምሳ እየበላን ነው፤ ሹሮው ቀዝቅዞ፣ እሷ ሽንኩርት የላጠ ጣቷን እያየች።

«ጻፊው» አለችኝ። «ሐሙስን ግን ተዪው፣ ይነቃባታል።»

ቲኬት ላይ የሚገባው አራት መስመር ነው፤ ጠባብ ብጽፍ አምስት። አራት መስመር ውስጥ ጨረቃ አይገባም። ማርና ወለላ፣ ሮማንና ጽጌረዳ፣ የሚንቀጠቀጥ ከንፈር፣ አንዱም አይገባም። የሚገባው ማን ምን እንዳደረገ ነው። እጁ የት ነበር፣ ከዚያ ወዴት ሄደ፣ እሷ ምን አለች። እንደዚያ ስጽፍ ሰውነቴ ራሱ ይነግረኝ ነበር፤ ልክ የሆነው መስመር ላይ ስደርስ ጆሮዬ ይሞቃል። ጆሮዬ ካልሞቀ እደልዘዋለሁ። ሌላ መለኪያ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

አንድ እስር አንድ ቲኬት ስለሆነ፣ ቀጣዩን ለማንበብ ፊት ያለውን እስር ጨርሶ ማሳለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ መፍጠን ጀመሩ። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የሚለምኑት ቀርተው ከማሽናቸው አልነሳ አሉ። የእኛ መስመር ታርጌቱን ያለፈበት ሳምንት ነበር፤ ሱፐርቫይዘሩ በጠዋት ሰልፍ ላይ ተጨበጨበለት። ወጣት ነው፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ስለ ቡድን ሥራ ንግግር አደረገ። የተሻለ ንግግር የሚያደርግ ሰው ቢሆን ኖሮ ባዘንኩለት ነበር።

እስር ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ ስለማይሄድ ከእኔ በፊት ያሉት ምንም አያነቡም ነበር። ሰርቪስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ይጮሁብኛል፤ «እኛስ ሰው አይደለንም?» ይሉኛል። ሌሎቹ ሲነግሯቸው ደግሞ ያበላሹታል። ጎን የምትሰፋዋ በተለይ፣ ሠርግ ከራሷ እየጨመረች ነው የምታወራው።

«ያገባታል አይደል መጨረሻ ላይ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ለምን ያገባታል?»

«እንዴ፣ ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ?»

«ያደረገችው እሷ ናት።»

«እሱም ቢሆን» አለች፤ እኔም ተስፋ ቆረጥኩባት። ሴት የሆነ ሁሉ የሴት ታሪክ ማንበብ ይችላል የሚል ሰው ካለ ጎንን ሰርቪስ ውስጥ ያዳምጣት።

ወገብ የምትሰፋዋ ግን ሌላ ናት። አርባ አልፏታል፣ የአራት ልጆች እናት ናት፣ ከሰው ጋር ብዙ አታወራም። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር አይተሽው ነው ወይስ ፈጥረሽው?»

«ፈጥሬው።»

ማኘኳን ቀጠለች። ከዋጠች በኋላ፣ «እንግዲያው አንድ ቀን ቤት መጥተሽ ለባሌም ፍጠሪለት» አለችኝ። አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲኬት ወደ መዝጋቢዋ የምታሳልፈው ነጥብ አድርጋበት ነው፤ የወደደችው መስመር ሥር የእርሳስ ነጥብ። ጆሮዬ የሞቀባቸው መስመሮች ነበሩ፤ ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ።

የተያዝነው በአረፋ ምክንያት ነው። መዝጋቢያችን የነገሩ ተካፋይ ነበረች፤ ቲኬቶቹን ቁጥራቸውን ጽፋ፣ ለእኔ አሳይታ፣ መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች፤ ታሪኩ ሲያልቅ ልወስዳቸው ነበር። ለበዓሉ ወሎ ቤተሰቦቿ ጋ ሄደች። እኔም ደራ እናቴ ጋ ውዬ በማግስቱ ተመልሻለሁ። ተመልሼ ስቀመጥ የታሪኩ መጨረሻ በአእምሮዬ አልቆ ስለነበር ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ጻፍኩት፣ አሳለፍኩት። መዝጋቢዋ አለመኖሯን ያወቅኩት ከሰዓት ነው። በቦታዋ ከቢሮ የመጣች ሴት ተቀምጣለች፤ ጠንቃቃ፣ ቲኬት የማትወረውር። በመዝጋቢዋ መሳቢያ ውስጥ የነበሩትን የቀደሙትንም ሰብስባ፣ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አስተካክላ፣ በላስቲክ አስራ ቢሮ አስገባቻቸው።

እስከዚያ ቀን ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ላይ ያየ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ አላየሁትም። የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ ያዘጋጀልኝ የሰው ኃይል ክፍል ነው።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ሰዓቱ ሙቀቱ ቆርቆሮውን የሚያጮህበት ሰዓት ነው።

«ኪስ፣ ማሽኑን አጥፊና ተከተይኝ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«እኔን አትጠይቂኝ፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ» አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ቢሮው ውስጥ ኮሚቴው ሦስት ነበር። ኃላፊዋ፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ። ተወካዩን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው፤ ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ፣ አሁን የመጋዘን ሠራተኛ የሆነ፣ ሕጉን በቃሉ የያዘ ሽማግሌ ነው። ኃላፊዋ የመጀመሪያውን ንግግሯን ከተናገረች በኋላ፣ ለሱፐርቫይዘሩ «እንግዲህ ጻፍ፤ ጸያፍ ጽሑፍ በሥራ ሰዓት በማሰራጨት ብለህ» አለችው።

ጋሼ እጁን አነሳ። «ይቅርታ። ጸያፍ የሚባለው ምኑ ነው? ቃሉ ተጠቅሶ ይስፈር። ነገ ይህች ልጅ የሥራ ክርክር ብታነሳ ዳኛው የሚጠይቀን እሱን ነው። ሳይነበብ ጸያፍ አይባልም።»

እኔን ለማዳን ነው የተናገረው። አይቼበታለሁ፤ ሊያነቡት እንደማይደፍሩ ያውቃል፣ ካልተነበበ ደግሞ ነገሩ ይወድቃል። ጥሩ ሰው ነው። ያሰበው ግን እንዳሰበው አልሄደም።

«እኔ ይህን በአፌ አላደርገውም» አለች ኃላፊዋ።

ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን አሳየ። «እኔ እየጻፍኩ ነው።»

ሁለቱም ወደ ጋሼ ዞሩ።

«እኔ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» አለ ጋሼ። መነጽሩ በሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ነው፤ አንድ እጀታው ወጥቶ ይታያል።

«እንግዲህ የጻፈችው ታንብበዋ» አለች ኃላፊዋ፣ ቀጥላም እንደማረም፣ «የገለበጠችው» አለች።

የመጀመሪያውን ረድፍ አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ማሽን በሌለበት ክፍል ውስጥ ማለቴ ነው።

«ታጠብ አለችው። እስከ ክርኑ ታጠበ። አንገትህንም አለችው፣ አንገቱንም። ቆማ ታየዋለች። አትቸኩል፣ መኪናህ ያለ ሽንኩርት አይሄድም፣ ሽንኩርቱን የምለየው እኔ ነኝ።»

«ልጄ» አለ ጋሼ፣ «ትንሽ ቁሚ። እኔ በመቂ መስመር አሥራ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ሽንኩርት የጫነ መኪና ፀሐይ ላይ አቁሞ ሴት ቤት የሚታጠብ ሹፌር የለም። ይበሰብስበታል።»

«አልጫነም ገና ጋሼ።»

«እ?»

«ሽንኩርቱ አልተለየም። እሷ ናት የምትለየው፣ እሷ ደግሞ እዚህ ናት።»

አሰበበት። «እንደሱ ከሆነ ይሆናል» አለ።

ቀጠልኩ። «አንገቱ ሥር ውሃው ያልደረሰበት አቧራ ነበር። በአውራ ጣቷ ጠረገችለት። ጣቷ እዚያው ቀረ። እጁን ወደ ቀሚሷ ሲሰድ ያዘችው። ቁልፉ ስድስት ነው አለችው። አንዱን ፈትተህ ጠብቀኝ።»

«ቀስ በይ» አለ ሱፐርቫይዘሩ፣ አንገቱን ደፍቶ። «‹ጠረገችለት› ካልሽ በኋላ ምንድነው ያልሽው?»

«ጣቷ እዚያው ቀረ።»

ጻፈ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። እኔ የማውቀው መለኪያ ያ ብቻ ስለሆነ እያየሁ ቆየሁ።

ሁለተኛው ቁልፍ፣ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ኃላፊዋ በወረቀት ማራገብ ጀመረች፤ በቃ ግን አላለችም። የሚያስቆመኝ ባለመኖሩ እስከ ስድስተኛው ሄድኩ፣ ከስድስተኛውም አለፍኩ። መጨረሻው ቲኬት አጭር ነው፦ «ሲሄድ አላለቀሰችም። ሽንኩርት ስትለይ የዋለች ሴት ዕንባዋን ቀን ጨርሳለች። መሃል አልጋ ላይ ተዘርግታ ተኛች።»

ኃላፊዋ ማራገቧን አቆመች።

«ትጸጸታለች?» አለችኝ።

«የት ላይ?»

«መጨረሻው ላይ።»

«ትተኛለች።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ ቲኬት የለም።»

ኃላፊዋ ወደ ኋላ ተደገፈች። የተማረች ሴት ናት፤ ዲግሪዋ በፍሬም ተሰቅሏል፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ወጣት ሴቶችን ታስተምራለች ይባላል፣ ክፉ ሰው ናት የሚል ሰምቼ አላውቅም። «አየሽ እህቴ» አለች፣ «እኔ ማንበብ እወዳለሁ። ይሄ የበሰለ ሰው እጅ ነው። ኑሮ ያየ ሰው። አንቺ ደግሞ ገና ልጅ ነሽ፣ ከደራ የመጣሽ፣ ኪስ የምትሰፊ። ይህን አእምሮሽ ከየት ያመጣዋል? አታምጪ ማለቴ አይደለም፣ አያመጣም ነው የምልሽ። ስለዚህ ራስሽን አትጉጂ።»

ከዚያ ወረቀት አወጣች። አስቀድሞ ተጽፎ ነው የቆየው። ጽሑፉን ከማላውቀው ሰው የስልክ ገጽ ገልብጬ ማሰራጨቴን፣ በዚህም መጸጸቴን ይላል። ገልብጦ ማሰራጨት የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው አለችኝ፤ ወደ ማሽኔ ዛሬውኑ እመለሳለሁ። ራሷ ጽፋዋለች ከተባለ ግን የሥነ ምግባር ጉድለት ነው፤ ያ ስንብት ነው።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለች።

«ፈርሚ ልጄ» አለ ጋሼ። «ወረቀት ነው። ወረቀት ሰው አይበላም።»

«በቃለ ጉባኤው ላይ ታሪኩ የማን ይባላል?» አልኩ።

ሱፐርቫይዘሩ ገጹን ወደ ላይ ሄዶ አየ። «ያልታወቀ ጸሐፊ ብዬዋለሁ።»

ሦስቱንም አየኋቸው። አንዱ በመኪናው ጭነት ተከራክሯል፣ አንዱ ጣቷ የት እንደቀረ እንዳያመልጠው አስደግሞኛል፣ አንዷ የበሰለ እጅ ነው ብላለች። ባይወዱት ኖሮ የእኔ መሆኑን ባመኑ ነበር። መጥፎ ቢሆን ያለ ክርክር ይሰጡኝ ነበር፤ የመጀመሪያውን፣ የጥቁር መኪናውን ታሪክ ቢያገኙት «አዎ፣ ይህስ የኪስ ነው» ይሉ ነበር። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ቀን ንቄ አላውቅም። ሥራው ግን ያስፈልገኝ ነበር። ሥራው ከሌለ ደራ ነው። ደራ ማለት የእናቴ ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ጓዳ፣ በየወሩ «አሰብሽበት ወይ» እየተባለ የሚነሳ የአጎቴ ጓደኛ ልጅ። ጓዳዋ ውስጥ ወረቀት የሚደበቅበት ቦታ የለም፣ ሞክሬዋለሁ።

«ምስክር እንጥራ» አለች ኃላፊዋ። «አብራሽ የምትኖረው አለች አይደል?»

ሱፐርቫይዘሩ ሄዶ ዚፕን አመጣት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች፣ ማንንም ሳታይ በሩ አጠገብ ቆመች። ኃላፊዋ ይህን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ ወይ ስትላት ቲኬቶቹን ሳታይ፣ «አውቀዋለሁ። ከስልክ ነው የገለበጠችው» አለች።

«አይተሻል?»

«አብሬያት ነው የምኖረው። ስትገለብጥ አይቻታለሁ።»

ለእኔ ብላ ነው። አውቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ ሲያመጣት ሱፐርቫይዘሩ ምን ቢባል እንደሚሻል ነግሯት ይሆናል፣ ባይነግራትም ራሷ ታውቀዋለች። እኔ ግን መተው አልቻልኩም።

«ሎሚውስ?» አልኳት።

ያን ጊዜ አየችኝ።

«ሎሚውም ስልኩ ላይ ነበር» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ካሉት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባው የለም። ጋሼ ስለ ሎሚው ሌላ አስተያየት ሊሰጥ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ዘጋው። ዚፕ ወደ በሩ ስትዞር በአጠገቤ አለፈችና በዝቅተኛ ድምፅ በኦሮምኛ «ማሎ» አለችኝ፤ እባክሽ ማለት ነው። «ፈርሚ። ሌላ ትጽፊያለሽ። ማሎ።»

ወጣች። ኃላፊዋ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው፣ እስክሪብቶዋንም ከላዩ አስቀመጠችበት።

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ሰፊ ነበር፣ ከቲኬት ሃያ ጊዜ ይሰፋል። እዚያ ላይ ጻፍኩ፦ ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከማንም አልገለበጥኩም፣ ሎሚውን ግን የነገረችኝ ሌላ ሴት ናት። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጨምሬ ሙሉ ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ።

ኃላፊዋ አነበበችው። «ቁጭ ብለሽ አስቢበት» አለች። «እስከ ነገ ጊዜ አለሽ።»

«ጨርሻለሁ።»

«ልጄ» አለ ጋሼ።

«ጋሼ፣ መነጽርዎ ኪስዎ ውስጥ ነው» አልኩት፤ ቲኬቶቹን ለመሰብሰብ እጄን ሰደድኩ።

ኃላፊዋ መዳፏን ረድፎቹ ላይ አደረገች። «እነሱ ማስረጃ ናቸው። ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ።»

«እኔ ጋ ሁሉም በቃሌ አሉ» አልኳት። ግማሹ ውሸት ነው። መታወቂያዬን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሼዱ ውስጥ የእኔ ማሽን ጠፍቶ እንደቆመ ነው፤ ከእሱ በፊት እስሮች ተቆልለዋል፣ ከእሱ ቀጥሎ ዚፕ እጇን አጣጥፋ ሥራ ትጠብቃለች። ወገብ ከወዲያ ጫፍ ቀና ብላ አየችኝ፣ በዓይኗ ጠየቀችኝ፣ እኔም በእጄ ወደ በሩ አሳየኋት። ምሳ ዕቃዬንና ሻርፔን ከመሳቢያ አወጣሁ። ዚፕን በአጠገቧ ሳልፍ ትከሻዋን ነካሁት፤ ማሽኗን እያየች እጇን በእጄ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ለቀቀችኝ።

በሩ ላይ ፈታሿ ቦርሳዬን ከፈተች። ሰው ሱሪ ወይም ክር ይዞ እንዳይወጣ ሁልጊዜ ትፈትሻለች። ምሳ ዕቃውን አንቀጠቀጠችው፣ እርሳሱን አውጥታ አየችው፣ መልሳ አስገባችው።

«ዛሬ በጊዜ ነው?» አለችኝ።

«በጊዜ ነው።»

«ደህና ዋዪ።»

ውጭ ነፋሱ አቧራውን ከሜዳው እያነሳ ወደ አስፋልቱ ይነዳዋል። ሰርቪስ በዚያ ሰዓት የለም። ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ አስሬ እስከ መታጠፊያው በእግሬ ሄድኩ፣ አንድ ባጃጅ ቆመልኝ፣ ገባሁ።